«አደጋው የደረሰበት ሰዓት?» ሲሏችሁ፦ በማሽን ድምፅ ለተጎዳ ጆሮ ካሳ እንዴት እንደጠየቅኩ

አጠገባችሁ የቆመን ሰው ለማናገር መጮህ ያለባችሁ ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ይሄ ለእናንተ ነው። ማተሚያ ቤት፣ ብረታ ብረት ቤት፣ እንጨት ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ እብነ በረድ መቁረጫ፣ ሆቴል ምድር ቤት ጄኔሬተር አጠገብ፣ ናይት ክለብ፣ ኮንስትራክሽን ላይ ጃክሃመር ይዛችሁ፣ የትም ይሁን። እኔ ማተሚያ ቤት ነበርኩ። መሀል ከተማ፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ያለ የግል ድርጅት ነው። ስሙን አልጠራም። ነገሩ አልቋል፣ ከሰዎቹም ጋር ሰላም ነን።

ሁለቱም ጆሮዎቼ ተጎድተዋል፣ አይመለሱም። ካሳውን ግን አግኝቻለሁ። መንገዱ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ስለ ጣት መቆረጥ፣ ስለ እግር መሰበር የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ፤ ስለ ጆሮ ግን ስጠይቅ የሚመልስልኝ አጥቼ ነበር። ሰው ጆሮ ሲጠፋ «አረጀህ» ብሎ ያልፋል።

እኔ የነበርኩት ዌብ ማሽን ላይ ነው። ለማታውቁት፣ ትልቅ ሮል ወረቀት በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላ በኩል ታትሞ፣ ተቆርጦ፣ ታጥፎ ይወጣል። ከማተሚያው ይልቅ የሚያደነቁረው ማጠፊያው ነው። ክፍሉ ደግሞ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ፣ ድምፁ የሚሄድበት የለውም፤ ተመልሶ እኛው ላይ ይመጣል። ከሐምሌ ጀምሮ የደብተርና የመጽሐፍ ሥራ ሲመጣ ሌሊትም እንሠራለን። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይጨመርበታል። እዚያ ውስጥ ማንም አያወራም። የራሳችን የእጅ ቋንቋ ነበረን። ሁለት መዳፍ ማጠላለፍ ወረቀት አለቀ ማለት ነው። ሁለት ጣት መቆንጠጥ ቀለም ቀንስ። ኮሌታ መንካት ደግሞ አለቃ መጣ። አዲስ ልጅ ሲገባ መጀመሪያ የምናስተምረው ኮሌታውን ነው።

ነገሩ አንድ ቀን ቱ ብሎ የሚመጣ አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ኢንሹራንሱም ሰውም የሚደናገረው። መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭን ድምፅ ነው። የሰው ድምፅ ይሰማችኋል፣ ምን እንዳለ ግን አይገባችሁም። «ስ»፣ «ፍ»፣ «ጽ»፣ «ጭ» ይጠፋሉ። የወንድ ድምፅ ይገባችኋል፣ የሴትና የልጅ ግን እንደ ማጉረምረም ይሆናል። ልጄ «አባዬ፣ ሰምተህ ዝም ትለኛለህ» ትለኝ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ለሰፈሩ ነው እንዴ የከፈትከው ትለኛለች። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ ዝም እላለሁ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ማታ ስተኛ ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ የማይቋረጥ ቀጭን ጩኸት አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ስለ ሐሜት ነበር፤ እኔ ላይ ቃል በቃል ሠራ። ሁሉም ከእኔ በፊት አወቀው።

ትንሽ ቁጥር ልናገር፣ በኋላ ክርክር ላይ ይጠቅማችኋል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ጥናት ተቋም፣ ናዮሽ የሚባለው፣ ሠራተኛ በቀን 8 ሰዓት ሊቆይበት የሚገባውን የድምፅ ጣሪያ 85 ዴሲቤል አድርጎ ይመክራል። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። በ3 ሲጨምር የድምፁ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 88 ላይ የሚመከረው 4 ሰዓት ነው፣ 91 ላይ 2 ሰዓት። «ያው ትንሽ ነው የጨመረው» ሲሏችሁ ይሄን አስታውሱ። ከፍተኛ ድምፅ የውስጥ ጆሮ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይገድላል፣ እነሱ ደግሞ ተመልሰው አይበቅሉም። ጠብታም ቀዶ ጥገናም አይመልሳቸውም።

ሰፈር ያለ ክሊኒክ መጀመሪያ ኩክ ነው ብለው ጠብታ ሰጡኝ። እማዬ ደግሞ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ካልሄድክ አለችኝ። ሄድኩ። በጸበል ላይ ምንም ክፉ ቃል የለኝም፣ ነፍሴ ረክታ ነው የተመለስኩት። ግን ጸበል ቤት ካርድ አይሰጥም። ካሳ ደግሞ ያለ ካርድ የለም። ሁለቱንም አድርጉ እላለሁ፣ ካርዱን ግን አታቆዩት።

አንገት በላይ ስፔሻሊስት ጋ ስትደርሱ የመስማት ምርመራ ያዝዙላችኋል፣ ኦዲዮሜትሪ ይሉታል። በሩ ወፍራም የሆነች ጠባብ ክፍል ውስጥ ያስገቧችኋል። ማዳመጫ ጆሯችሁ ላይ ያደርጋሉ፣ አንድ ቁልፍ እጃችሁ ላይ ይሰጧችኋል፣ ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር ተጫኑ ይላሉ። ቲት፣ ቲት፣ ቲት። እያነሰ ይሄዳል። እኔን ያስቸገረኝ ድምፁ ከማዳመጫው ይሁን ከራሴ ጭንቅላት መለየት ነበር። መርማሪዋን ጆሮዬ ይጮሃል አልኳት፣ ድምፁን ቀየረችልኝና ተለየልኝ። እናንተም ንገሯቸው። ውጤቱ በግራፍ ይወጣል። ቀኝ ጆሮ በቀይ ክብ፣ ግራ ጆሮ በሰማያዊ ኤክስ ነው ምልክት የሚደረገው። የእኔ መስመር ከግራ በኩል ደህና ሆኖ ይመጣና 4000 ኸርትዝ ላይ ሲደርስ ገደል ይገባል፣ ከዚያ 8000 ላይ ትንሽ ቀና ይላል። ሁለቱም ጆሮ ላይ አንድ ዓይነት። ሐኪሙ ገና ሲያየው ቀና ብሎ «ምንድነው የምትሠራው?» አለኝ።

ይሄ ገደል የድምፅ ጉዳት የሚታወቅበት ምልክት ነው፣ ዕድሜ ብቻውን ሲሆን መስመሩ ብዙ ጊዜ እየወረደ ይሄዳል እንጂ መጨረሻው ላይ ቀና አይልም። ስለዚህ የወረቀቱን ኮፒ ያዙ። «የመስማት ችግር አለበት» የሚል ደብዳቤ ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፣ ግራፉን እራሱን። ሌላው፣ ከሥራ በቀጥታ ወጥታችሁ አትመርመሩ። ከማሽን የወጣ ጆሮ ለጊዜው ይደነዝዛል፣ ያን ጊዜ የተወሰደ ውጤት በኋላ ሌላ ቦታ ስትመረመሩ ይለያይና ዋሽተሃል ያሰኛችኋል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ሙሉ፣ ከተቻለም አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ጸጥታ ውስጥ ካሳለፋችሁ በኋላ ሂዱ።

አሁን ዋናው ነገር። ሐኪሙ ጋ ስትገቡ ሥራችሁን ተናገሩ፣ ካርዳችሁ ላይም እንዲጻፍ ጠይቁ። የት፣ ምን ማሽን ላይ፣ ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት ሰዓት። የእኔ የመጀመሪያ የሕክምና ማስረጃ በሽታውን በትክክል ጽፎታል፣ ሥራዬን ግን አንድ ቃል አላነሳም። ተመልሼ ሄጄ ሐኪሙን በትሕትና ለመንኩት። ታሪኬ ካርዱ ላይ ስለነበረ አላንገራገረም፣ «ለረጅም ጊዜ ለከፍተኛ የማሽን ድምፅ ከመጋለጥ ጋር የተያያዘ» የሚል ጨመረበት። ያቺ አንድ መስመር ናት ጉዳዩን የተሸከመችው። ሐኪም ያላየውን እንዲጽፍ አታስገድዱ፣ ግን የነገራችሁትን እንዲጽፍ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ወረቀቴን ይዤ አስተዳደር ገባሁ። ሰውየው ክፉ አይደለም። አንብቦ ከጨረሰ በኋላ መሳቢያ ከፍቶ የኢንሹራንስ ፎርም አወጣልኝ። የተጎዳው ስም፣ የሥራ መደብ፣ ደሞዝ። ከዚያ «አደጋው የደረሰበት ቀንና ሰዓት»። ቀጥሎ «አደጋው የደረሰበት ሁኔታ በአጭሩ»። ቀጥሎ «በቦታው የነበሩ ምስክሮች»። እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። ምን ልበል? ማክሰኞ በአራት ሰዓት ከሩብ ጆሮዬ ጠፋ ልበል? ሰውየውም ገብቶታል። «እንግዲህ አደጋ ካልሆነ ኢንሹራንሱ አይከፍልም፣ ዕድሜም ሊሆን ይችላል እኮ ወንድሜ» አለኝና ወረቀቴን መለሰልኝ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቀረው። እኔ የቀጠልኩት አንድ ጋሼ የምንለው የሠራተኛ ማኅበር ሰው ስለነበረ ነው፣ አዋጁን ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር ሰው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። እሱ ያሳየኝን ባጭሩ ላስቀምጥላችሁ።

አዋጁ «ጉዳት» ሲል ሁለት ነገር ነው የሚለው። አንደኛው በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋ ነው፣ ሁለተኛው በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ። ሁለተኛው ከሥራው ዓይነት ወይም ከሥራው አካባቢ የተነሳ፣ በአካላዊ፣ በኬሚካላዊ ወይም በሥነ ሕይወታዊ ነገር ቀስ ብሎ የመጣ የጤና ጉድለት ነው። ድምፅ አካላዊ ነገር ነው። ስለዚህ የእናንተ ጉዳይ ስለ አደጋ የሚያወራው አንቀጽ 97 አይደለም፣ ስለ በሽታ የሚያወራው 98 ነው። ለቀኑም መልስ አለው። በሽታው የታወቀበት ቀን፣ ማለትም ሠራተኛው መሥራት ያቃተው የመጀመሪያ ቀን ወይም ሐኪም በመጀመሪያ በሽታውን ያወቀበት ቀን፣ ጉዳቱ እንደደረሰበት ቀን ይቆጠራል። በቃ። ፎርሙ ላይ ያንን የኦዲዮሜትሪ ቀን ጻፍኩና ሰዓቱን ባዶ ተውኩት፣ ሁኔታው ላይ «በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ፣ አንቀጽ 98» ብዬ ሞላሁት። በሁለት ኮፒ፣ አንዱ ላይ «ደርሶኛል» የሚል ፊርማና ማኅተም አስደርጌ። በቃል የተነገረ ነገር አልተነገረም ማለት ነው፣ ይሄን ሁሌም ያዙ።

አንቀጽ 96 ደግሞ ከሁሉም የሚገርመው ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ቸልተኛ ነበር ብላችሁ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም በመጠጥ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት ሥራ ከገባ። እኛ ጋ ድርጅቱ «ኢርፕላግ (የጆሮ መድፈኛ) ሰጥተናል፣ አላደረገም» ብሎ በደብዳቤ መለሰ። ብልጥ መልስ ነው፣ ከላይ ያለውን መመሪያ የመጣስ ነገር ለማምጣት ነው። እኛም ከንብረት ክፍል የወጣበትን ፊርማ አሳዩን አልን። መዝገቡ ተገለጠ። ጓንት አለ፣ ቱታ አለ፣ ሳሙና በየወሩ አለ። የጆሮ መከላከያ አንድም ቦታ የለም። ጆሯችን ውስጥ የነበረው ከመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን የቀደድነው ጥጥ ነው፣ ጥጥ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ድምፅ ብዙም አይሠራም። ተሰጥቷችሁ ከሆነ ግን አድርጉ፣ ለካሳው ብላችሁ ሳይሆን ለጆሯችሁ።

ከዚያ የድምፁን መጠን ማስረዳት መጣ። ስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ አለ፣ እሱ ለራሳችሁ ግንዛቤ ነው፣ ማስረጃ ብላችሁ አትመኩበት። ዋናው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ናቸው፣ በከተማው ሥራና ክህሎት ቢሮ በኩል ይጠየቃሉ፣ ክፍያ የለውም። ማመልከቻ አስገባን። ትንሽ ቆይተው መለኪያ ይዘው መጡ፣ ማጠፊያው አጠገብ ለኩ፣ መሀል ላይ ለኩ፣ ማሽኑ ሲሮጥም ሲቆምም። እኔ የምለምናችሁ፣ ድምፁ በሚለካበት ቀን ሥራ እንዳይቀዘቅዝ ተጠንቀቁ። እኛ ጋ ያን ዕለት ጠዋት ማሽኑን ቀስ ብሎ እንዲሮጥ አድርገውት ነበር፣ ጋሼ ዝም ብሎ ሄዶ ለተቆጣጣሪው የፍጥነት ቆጣሪውንና ያለፈውን ሳምንት የምርት መዝገብ ጎን ለጎን አሳየው። ሰውየው ፈገግ ብሎ «እንደ ሁልጊዜው አድርጉት» አለ። ሪፖርቱ ላይ ከ90 በላይ ተጻፈ። ሪፖርቱ የቀረውን ክርክር ግማሹን ዘጋው።

ቀጥሎ የሕክምና ቦርድ። የጉዳቱን መጠን በፐርሰንት የሚወስነው እሱ ነው፣ አንድ ሐኪም ብቻውን የጻፈው ፐርሰንት ብዙ አያራምድም። ቦርድ በራሳችሁ ሄዳችሁ አይቀበላችሁም፣ የአሠሪው ወይም የፍርድ ቤት ወይም የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ድርጅቱ ደብዳቤ አልጽፍም ካለ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይመጣል፣ አትደንግጡ። እዚያ ሐኪሞች ተሰብስበው ካርዱን ያያሉ፣ ምርመራው እንዲደገም ያዛሉ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አታጋንኑ። አንዳንድ ሰው ፐርሰንት ይጨምርልኛል ብሎ የሰማውን አልሰማሁም ይላል። ምርመራው ተደጋግሞ ውጤቱ ሲለያይ ይታወቃል፣ በዚያ ላይ ኤቢአር የሚባል ምርመራ አለ፣ ጭንቅላት ላይ ትንንሽ ሽቦ ለጥፈው የነርቩን ምላሽ በቀጥታ ያነባሉ፣ የእናንተን ቁልፍ መጫን አይጠብቅም። አንዴ ዋሾ ከተባላችሁ እውነተኛውም ጉዳት አብሮ ይጠረጠራል። በተቃራኒው ደግሞ እንደ ወንድ ልጅ ልቻለው ብላችሁ አትደብቁ። ስልክ ማናገር አልችልም፣ ስብሰባ ላይ አልሰማም፣ መንገድ ስሻገር የመኪና ክላክስ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ሌሊት በጩኸት አልተኛም፣ ሁሉንም ተናገሩ። አዋጁ የጉዳቱ መጠን በተቻለ መጠን ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወር ውስጥ እንዲወሰን ነው የሚለው። በኋላ ከባሰ ወይም በስህተት ከተወሰነ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል።

ገንዘቡ እንዴት ይሰላል ለሚለው፣ መጀመሪያ የደሞዝ ወረቀታችሁን እዩ። 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥባችኋል? አሠሪውስ 11 በመቶውን ያስገባል? ከሆነ ጉዳያችሁ በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ፣ በቁጥር 1268/2014፣ በኩል ያልፋል። እዚያ 10 በመቶ የሚባል ደፍ አለ። የጉዳት መጠናችሁ ከ10 በመቶ ያላነሰ ሆኖ መሥራት ከቻላችሁ የጉዳት ዳረጎት የሚባል የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው፣ ጭራሽ መሥራት ካልቻላችሁ ደግሞ የጉዳት ጡረታ አበል። ስለዚህ ቦርዱ 9 አለ 11 አለ ማለት ትልቅ ልዩነት ነው። ጡረታ ውስጥ ለሌለ ሠራተኛ ግን አሠሪው ራሱ ይከፍላል። ሙሉ በሙሉ ዘላቂ ጉዳት ከሆነ የዓመት ደሞዝ በ5 ተባዝቶ ነው፣ ከዚያ በታች ከሆነ በፐርሰንቱ ልክ። ለምሳሌ ደሞዝ 8,000 ብር ቢሆን፣ የዓመቱ 96,000፣ በ5 ሲባዛ 480,000፣ ጉዳቱ 20 በመቶ ቢሆን 96,000 ብር ይመጣል ማለት ነው። ኢንሹራንስ ካለ፣ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበሩና ድርጅቱ የተፈራረሙት ውል) ካለ ደግሞ እነሱን አንብቡ። የኅብረት ስምምነታችሁ የተሻለ ነገር ይዞ ሊሆን ይችላል፣ የእኛ ያዘ። ብዙ ሠራተኛ የራሱን የኅብረት ስምምነት ከፍቶ አያውቅም፣ እኔም በማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ አቧራ ለብሶ ነው ያገኘሁት።

ከካሳው ሌላ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የሕክምና ወጪ፣ ምርመራው፣ መድኃኒቱ፣ ስፔሻሊስቱ። አዋጁ ለጉዳቱ አስፈላጊ የሆነ ሰው ሠራሽ አካልንም አሠሪው እንዲችል ያዛል። የመስሚያ መሣሪያ እዚያ ውስጥ ይገባል ብለን ተከራከርን፣ ሐኪሙ «ያስፈልገዋል» ብሎ ስለጻፈ በመጨረሻ ተስማሙ። ደረሰኝ አትጣሉ፣ የላዳ ደረሰኝ እንኳን። ሁለተኛው በሕክምና ምክንያት ከሥራ ብትቀሩ ያለው ደሞዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ። ጆሮ ብዙ ጊዜ ከሥራ አያስቀርም፣ ግን የማዞር ችግር አብሮ የመጣበት ሰው አውቃለሁ፣ እሱ ተጠቅሞበታል።

ድርጅቱ መሀል ላይ አንድ ሐሳብ አመጣ። ትንሽ ብር ሰጥተን እንለያይ፣ አንተም «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ፣ ምንም የምጠይቀው የለም» ብለህ ፈርም። ብሩ ልብ ያማልላል፣ በተለይ የቤት ኪራይ ሲደርስ። ባለቤቴ ናት «ፐርሰንቱ ሳይታወቅ በስንት ነው የምትሸጠው?» ያለችኝ። አልፈረምኩም። ፈርማችሁ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፣ በስምምነት በሚደረግ ስንብት ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት ቢተው ውጤት የለውም ይላል አዋጁ። ግን ከመፈረም በፊት አለመፈረም ይቀላል፣ ከተፈረመ በኋላ ዳኛ ፊት ማስረዳት ሌላ ድካም ነው።

እኛ በመጨረሻ ልደታ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስ ከፈትን። ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም፣ ይሄን የማያውቅ ብዙ ሰው ነው ገንዘብ የለኝም ብሎ የሚቀረው። ክስ ለማጻፍ ልደታ አካባቢ ራፖር ጸሐፊዎች አሉ፣ ግን ጉዳያችሁን የሚያውቅ ሰው ቢያየው ይሻላል። የሠራተኛ ማኅበር ከሌላችሁ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላትን ጠይቁ። አዋጁ ውሳኔ በ60 ቀን ይሰጥ ይላል፣ ቀጠሮ ግን ቀጠሮ ነው፣ ታውቁታላችሁ። ችሎት ውስጥ ያልጠበቅኩት ችግር አለመስማቴ ራሱ ነበር። ዳኛዋ ዝግ ብላ ነው የምትናገረው፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ምንም አልሰማም፣ ስሜ ተጠርቶ አለፈ። ጋሼ ብድግ ብሎ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የመጣበት ጉዳይ ይኸው ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ዳኛዋም። ከዚያ ወዲህ ፊት ወንበር አስቀመጡኝ። እናንተ ገና ስትገቡ ለመዝገብ ቤት ወይም ለችሎት አስተናባሪ አስታውቁ፣ አንድ የሚሰማ ሰውም ይዛችሁ ግቡ።

የተቆጣጣሪው ሪፖርትና የቦርዱ ውሳኔ ከገቡ በኋላ የድርጅቱ ጠበቃ እንስማማ አለ። ስምምነቱ ችሎት ላይ ተመዝግቦ ተከፈለኝ። እኔንም ከማሽን ክፍል አውጥተው ፕሌት ክፍል፣ የማተሚያ ሳህኑ የሚዘጋጅበት፣ አደረጉኝ። ጸጥ ያለ ክፍል ነው፣ ደሞዙ አልቀነሰም፣ የሌሊት አበሉ ግን ቀረ። እሱን ስትደራደሩ አስቡበት።

ስለ ጊዜ አንድ ነገር። ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ክስ ሌላ የተለየ ጊዜ ካልተቀመጠለት በአንድ ዓመት ይታገዳል። ስለዚህ ሐኪም በሽታውን በመጀመሪያ ካወቀበት ቀን ጀምሮ ቁጠሩ፣ ድርጅቱ «እያየነው ነው» እያለ ወሩን አይብላባችሁ። እያዩት ከሆነ በጽሑፍ ይመልሱላችሁ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ደግሞ «ከለቀቅኩ በኋላ ነው ያወቅኩት፣ አለቀልኝ?» ነው። ወዲያው አለቀልኝ አትበሉ። ከላይ እንዳልኩት ጉዳቱ ደረሰ የሚባለው በመጀመሪያ በሕክምና የታወቀበት ቀን ነው። የሚከብደው ከዚያ ሥራ ጋር ማያያዙ ነው፣ በተለይ በመሀል ሌላ ጫጫታ ያለበት ቦታ ከሠራችሁ። ለእሱ የሥራ ልምድ ወረቀት ያስፈልጋችኋል። አሠሪው ሠራተኛው ሲጠይቅ በነፃ መስጠት አለበት፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደሞዙን ጠቅሶ። «ኦፕሬተር» ብቻ ብለው ከጻፉ መልሱላቸው። «ማሽን ክፍል፣ የዌብ ማሽን ኦፕሬተር፣ ከዚህ ዓመተ ምሕረት እስከዚህ» ተብሎ ይጻፍ። አብረዋችሁ የሠሩትን ሰዎች ስልክም አሁኑኑ ያዙ፣ ማተሚያ ቤቱ ሊፈርስ፣ ሊዛወር፣ ሊሸጥ ይችላል፣ ፒያሳ አካባቢ ያለውን ታውቁታላችሁ። ደብዳቤውን ስትቀበሉ ማኅተሙና ቀኑ መኖሩን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ፣ የእኔ የመጀመሪያው ቀን አልነበረውምና ዳግም አስጻፍኩት።